ኦሌጋሪዮ ያየው ምልክት

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ የጀመረ ሰው ሊወቅስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ እሷንም አልልም። አጎቴ ኒካኖር ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ፤ ዛሬም ስሙ ሲነሳ ደሜ ይፈላል። የማወራችሁ ግን ስለ እሱ አይደለም። ስለ ኦሌጋሪዮ ነው፤ የሳንታ ኢሊያ ስኳር ፋብሪካ ቤዝቦል ቡድን የመጀመሪያ መቺ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ዱላ ይዞ ቆሞ ስለማይመታው ሰው።

የማይመታ ስላልኩ ሰነፍ ነበር እንዳትሉኝ። ወርዋሪው የሚልካት ኳስ ከጉልበት በላይ ከደረት በታች ሆና መቺው ፊት መሬት ላይ በተነጠፈው ሰሌዳ ላይ ካለፈች ዳኛው «ገባች» ይላል፤ ሦስት ከገባብህ ወጣህ። ከዚያ ከወጣች «ውጭ» ነው፤ አራት ውጭ ከሆነ ምንም ሳትመታ እየተንጎራደድክ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ሯጭ ከሚያርፍባቸው ማዕዘኖች ወደ አንደኛው፣ ትሄዳለህ። ሌላው ሰው ኳስ ባየ ቁጥር ዱላውን ይሰነዝራል። ኦሌጋሪዮ ያያታል። በግማሽ ጣት ውጭ የሆነችዋን ያሳልፋታል፤ ገብታ የምታስወጣውን ደግሞ ጫፏን ነካ አድርጎ ወደ ጎን ያፈናጥራታል። የተፈናጠረች ኳስ ሦስተኛ ሆና አትቆጠርም፤ ወርዋሪው እንደገና ይወረውራል። እንደገና። አሁንም እንደገና። ሌላው መቺ ሦስት አራት ኳስ የሚያስወረውረውን እሱ አሥራ ሁለት ያስወረውራል። ሲጀምር እንደ ኮርማ ያገሳ የነበረ ወርዋሪ ሰባተኛው ዙር ላይ ክንዱ ዝሎ ትከሻውን ያሻል፤ ኳሷም ፍጥነቷ ሞቶ መሀል ለመሀል ትመጣለች። ያኔ እኔን የመሰለ ጎረምሳ ይነሳና አጡዞ ይልካታል። ጭብጨባው ለጎረምሳው ነው።

ሰው አይወደውም ነበር። በእኛ አገር ቤዝቦል ማለት መምታት ነው፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ያናድዳል። ከሜዳው ዳር ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች ሳይቀሩ ይሰድቡት ነበር።

«ኦሌጋሪዮ፣ አልጋ እናምጣልህ?»

«ዱላውን ለምርኩዝ ነው እንዴ የያዝከው?»

«ተዉት፣ አውቶቡስ እየጠበቀ ነው።»

እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ቤቱም ውስጥ እንደዚያው ነበር። ዓሣ ሲበላ አጥንቷን አንድ በአንድ ለቅሞ በሳህኑ ጠርዝ ይደረድራል፤ ሚስቱ ሳህኑን ልትቀበል ቆማ በቁሟ እንቅልፍ ይወስዳታል። እሷ ራሷ ነች ይህን የነገረችኝ፣ እየሳቀች።

እኔ ሳቱርኒኖ እባላለሁ፤ ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ኒኖ ይሉኝ ነበር። ከኦሌጋሪዮ ቀጥዬ የምመታው እኔ ነኝ። እሱ ወጥሮ ያደከመውን እኔ እበላዋለሁ ማለት ነው። አጎቴ ኒካኖር የቡድኑ አሠልጣኝ ነበር፤ እናቴና እሱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ከኦሌጋሪዮ ጋር ደግሞ አበልጅ ናቸው፤ የኦሌጋሪዮን ልጅ ፊደሊናን ክርስትና ያነሳት አጎቴ ነው። በእኛ ዘንድ አበልጅ ከወንድም ይበልጣል። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አብረው አገዳ ሲሰርቁና ሲሰዳደቡ ያደጉት ሁለት ሰዎች፣ ልጅቷ ከተጠመቀችበት ቀን ወዲህ አንቱ ይባባሉ ጀመር። አበልጅን መዋሸት ጠበሉን መርገጥ ነው ብለን ነው ያደግነው።

ያ ዓመት አገዳው ቶሎ አልቆ ፋብሪካው ቀድሞ ቆመ። ሙት ወራት እንለዋለን፤ ሥራ የለም፣ ያለው ዶሚኖና ቤዝቦል ነው። በዚያ መሀል ወሬ መጣ። ለውድድር ወደ ማናጓ ለሚሄደው ለአገሩ ቡድን አንድ ቦታ ቀርታለች፣ ያቺንም ከስኳር ፋብሪካዎቹ መቺዎች ለአንዱ ይሰጧታል፣ መራጩም ዶን ኡልፒያኖ ከላ ሴይባ ፋብሪካ ጋር የምናደርገውን የፍጻሜ ጨዋታ ሊያይ ይመጣል ተባለ። ሰው ሁሉ የኦሌጋሪዮ ተራ ነው አለ። የሚሰድቡት ሴቶች እንኳ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ዕድል የለውም።

እሱም ቋምጦ ነበር። በጭነት መኪና ከልምምድ ስንመለስ፣ «ኒኖ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም» አለኝ። «ያንን ማሊያ አንድ ጊዜ ልልበሰው። አንድ ጊዜ ለብሼው ቢወስዱት ግድ የለኝም።» ባወቅሁት ዘመን ሁሉ የሆነ ነገር እፈልጋለሁ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከጨዋታው በፊት በነበረው ቀን አጎቴ ግቢ ዶሚኖ እየተጫወትን ሳለ ኦሌጋሪዮ መጣ። ወንበር ቢሰጡት አልቀመጥ አለ።

«አበልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለ።

«ምን ገዶኝ፣ ይበሉ እንጂ።»

«ነገ ያ የዋናው ከተማ ሰውዬ ይመጣል። ኳስ ሳሳልፍ ብቻ ካየኝ፣ ይሄን ሐውልት ማን እዚህ ተከለው ነው የሚለው።»

አጎቴ ሳቀ። «እና ምን ይሁን?»

«ቀኑን ሙሉ እንዳሉኝ እሆናለሁ። አድክመው ካሉኝ አደክምልዎታለሁ። ግን አንዲት ጊዜ፣ ክንዱ ሲዝልና ኳሷ መሀል ለመሀል ስትመጣ፣ ይልቀቁኝ። አንዲት ኳስ ብቻ።»

«ኧረ አበልጄ፣ ይሄ ደግሞ ልመና ያስፈልገዋል? ሰዓቷ ስትደርስ ኮፍያዬን እነካለሁ። ፊደሊናን!»

በልጅቷ ማለለት። እኔም እዚያው ዶሚኖዬን ይዤ ተቀምጬ ሰማሁ።

በእኛ ቡድን ምልክቱ ቀላል ነበር። አሠልጣኙ ሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ይቆማል። ቀበቶውን ካበሰ መቺው አይሰነዝርም፣ ኳሷ የፈለገችውን ብትሆን ያሳልፋታል። ኮፍያውን ከነካ ምታ ነው። ምልክት የጣሰ ሁለት ጨዋታ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። እኔ ሁለቴ ተቀምጫለሁ። ኦሌጋሪዮ አንድ ቀን ጥሶ አያውቅም፤ በየኳሷ መሀል ቀና ይልና ሦስተኛው ቤዝን ያያል፣ ያያትን ያደርጋል።

በማግስቱ ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ዶን ኡልፒያኖ ነጭ ጫማውን አድርጎ፣ ማስታወሻውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከሰሌዳው ጀርባ ተቀመጠ። የላ ሴይባ ወርዋሪ ክሬሴንሲዮ የሚባል ግራኝ ነው፤ ክንዱ የበቅሎ ጭን ያህላል። የመጀመሪያዋን ኳስ ሲወረውራት ከሰሌዳው ኋላ የሚቀልበው ያዣቸው ጓንት ጮኸ።

ኦሌጋሪዮ መጀመሪያ ገብቶ ዘጠኝ ኳስ አስወረወረውና በአራት ውጭ ወደ ቤዙ ሄደ። በሦስተኛው ዙር አሥራ አንድ አስወረወረው፤ መጨረሻ ላይ ወጣ። በስድስተኛው አሥር። ወጣ። በሦስቱም ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ኳሶች ሲመጡ አጎቴ ቀበቶውን ያብስ ነበር፤ ከነሱ መሀል ደግሞ እናቴ በመጥረጊያ እንጨት ልትመታቸው የምትችል ሁለት ነበሩ። ኦሌጋሪዮ ቀና ብሎ ያያል፣ ቀበቶ ነው፣ ያሳልፋታል። ሰዓቷ አልደረሰችም ብሎ አመነ። ዶን ኡልፒያኖ እሱ ሲወጣ ምንም አልጻፈም። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ውኃ ጠጣ።

እኔ ደግሞ ከእሱ ኋላ እየገባሁ ሁለት ጊዜ መታሁ። በስድስተኛው ዙር መጨረሻ አጎቴ ሲያልፍ ትከሻዬን ያዘኝና፣ «ቀጥሎ ስትገባ የመጀመሪያዋን ኳስ እንዳታሳልፋት። ሞታ ነው የምትመጣልህ» አለኝ። አሠልጣኝ እንደሚለው ነገር መሰለኝ። ወይም እንዲመስለኝ ፈለግሁ።

ስምንተኛው ዙር ደረሰ። ሁለት ለሁለት ነን። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቤዝ ላይ ሯጮቻችን አሉ፤ መቺው ኦሌጋሪዮ ነው። እኔ ተረኛ ስለሆንኩ ዱላዬን ይዤ ዳር ቆሜያለሁ። ክሬሴንሲዮ በላብ ርሷል፤ ከአንዷ ውርወራ በኋላ ክንዱን ወደ ታች ለቆት እንደማያውቀው ሰው ክንድ አየው። አንድ ገባች፣ ሦስት ውጭ። ከዚህ በኋላ አንድ ውጭ ከጨመረ ቤዝ ሊሰጠው ነው፤ ስለዚህ ግድ መሀል ላይ መወርወር አለበት። ያቺ ሰዓት ደረሰች። እኔ አውቄያታለሁ፣ ሜዳው ሁሉ አውቋታል፣ ኦሌጋሪዮ ደግሞ ከሁላችንም ቀድሞ ያውቃታል። ዱላውን ሲጨብጥ የእጁ ጅማት ተገተረ። ቀና ብሎ ሦስተኛውን ቤዝ አየ።

እኔም አየሁ። የሌላው ሁሉ ዓይን ሯጮቹ ላይ ነበር። አጎቴ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ በሁለት እጁ፣ ቀበቶውን ከግራ ወደ ቀኝ አበሰ።

ኦሌጋሪዮ እንደገና አየ። አጎቴ እንደገና አበሰ።

ኳሷ መጣች። እንዲህ ዓይነት ኳስ በሕይወቴ ሁለተኛ አላየሁም፤ ቀስ ብላ፣ መሀል ለመሀል፣ ስፌቷ እየተቆጠረ። ኦሌጋሪዮ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ አሳለፋት። «ገባች» አለ ዳኛው። ሜዳው በስድብ ተናጋ። ዶን ኡልፒያኖ ራሱን ነቀነቀ፤ በዓይኔ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ኦሌጋሪዮ አራት ኳስ ወደ ጎን አፈናጠረ፤ አምስተኛዋን አሳለፋት፣ ውጭ ነበረች። ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ሄደ። ቤዞቹ ሞሉ፣ እኔ ገባሁ። አጎቴ ኮፍያውን ነካ። የመጀመሪያዋ ኳስ እንዳለኝ ሞታ መጣች፤ በግራ በኩል ከአጥሩ አልፋ የታጨደ የአገዳ ማሳ ውስጥ ገባች። በቤዞቹ የነበሩት ሦስቱም እኔም ዞረን ገባን፤ ስድስት ለሁለት። ሰው ሜዳውን ጥሶ ገብቶ ተሸከመኝ። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ።

ጨዋታው ሲያልቅ ክሬሴንሲዮ ክንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ እኛ መጣ። እኔን አልፎኝ ሄዶ የኦሌጋሪዮን እጅ ጨበጠ።

«እኔን የገደልከኝ አንተ ነህ፣ ይሄ ልጅ ሬሳ ነው የመታው» አለው።

ዶን ኡልፒያኖ ይህን አልሰማም። አጎቴን አቅፎ፣ «ይሄ የእህትህ ልጅ የሚገርም ነው፤ ያ ሽማግሌ ግን ምን ሊሠራ ነው የሚገባው?» አለው። አጎቴ ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «ምን ላድርግ፣ አበልጄ ስለሆነ ነው» አለ። ይህን ሲል አጠገቡ ነበርኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር፤ ግን አልተከፈተችም፣ እኔም አፌን አልከፈትኩም። ወደ ማናጓ የሚሄደው ኒኖ ነው ተባለ።

ኦሌጋሪዮ መጥቶ አቀፈኝ። «ኮርቼብሃለሁ» አለኝ። ውሸት አልነበረበትም፤ ያ ነው አንጀቴን የበላው።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ቤታችን መጣ። እናቴ ሙዝ ቀቅላ እየወቀጠች ነበር፤ ብላ አለችው፣ በልቻለሁ አለ። ግቢው ውስጥ ለብቻችን ስንሆን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኒኖ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ከአንተ ሌላ ያየ ሰው የለም።»

«ምኑን?»

«ሦስት ውጭ አንድ ገባች በነበረችው ላይ። አበልጄ ቀበቷቸውን ሲያብሱ አይቻለሁ። ሁለት ጊዜ። ትናንት ሄጄ ጠየቅኋቸው። ኮፍያዬን ነው የነካሁት፣ እርስዎ ነዎት ያሳለፏት አሉኝ። በፊደሊና ማሉልኝ።» ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ። «አንተ ምን አየህ?»

እስቲ ፍረዱኝ። እውነቱን ብነግረው አበልጅነቱ ፈረሰ። ልጅቷ ክርስትና አባት የላትም። እናቴና ወንድሟ ይጣላሉ። እኔም ማናጓን እረሳታለሁ፤ ኦሌጋሪዮ ባይናገር እንኳ በምን ፊቴ ነው የምሄደው? ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አስቤ ነበር ብል ግን ውሸት ነው። ያሰብኩት ማሊያውን ብቻ ነው።

«ኮፍያውን ነው የነካው» አልኩት።

ተቆጥቶ በሰደበኝ፣ አንገቴን ባነቀኝ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፣ ያየውን እንደገና እያየ።

«እንግዲያው ዓይኔ ነው» አለ።

 ወጥቶ ሄደ፤ አልተከተልኩትም። እናቴ ከውስጥ፣ «ሰውዬው ሳይበላ ሄደ?» አለች።

ኦሌጋሪዮ ፋብሪካው ውስጥ ሥራው ዓይን ነበር። የአገዳው ሽሮፕ በትልቁ ጋን ሲፈላ ጠብታ በመስታወት ላይ ያወጣና ወደ ብርሃን አቅንቶ ያያል፤ የስኳሩ ፍሬ ልክ ሲይዝ፣ «አሁን» ይላል። ከእሱ በላይ የሚያየው አልነበረም። ያ ሙት ወራት አልቆ አገዳ ሲገባ አለቃውን ሄዶ፣ ዓይኔን አላምነውም፣ ሌላ ሥራ ስጡኝ አለ። ሳን ፔድሮ ከተማ ሄዶ ሐኪም ዓይኑን አየለት፤ ምንም የለብህም አለው። «ልጅ እግር ሐኪም ነው፣ አላወቀውም» ብሎ ተመለሰ። ሐኪሙን ትቶ እኔን አመነ። ከረጢት ሰፊዎቹ ዘንድ መደቡት። ቤዝቦሉንም ተወ። ኳስ ሲመጣ እየጠበቀ አሁንስ ልክ አየሁ ወይስ አላየሁም እያለ ሊቆም አይችልም፤ የእሱ ጨዋታ በሙሉ ያችው ማየት ነበረች።

እኔ ማናጓ ሄድኩ። በዘጠኝ ጨዋታ ሁለት ጊዜ መታሁ፣ ሁለቱም የማይረቡ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከፊቴ የሚገባው መቺ የመጀመሪያዋን ኳስ ሰንዝሮ ይወጣል፤ ወርዋሪው ላብ እንኳ ሳይወጣው ወደ እኔ ይዞራል። ያደከመልኝ ሰው የለም። በዕድሜዬ ያልደከመ ወርዋሪ ገጥሜ እንደማላውቅ እዚያ አወቅሁ። ማሊያውን አመጣሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልለበስኩትም።

አጎቴ እስከ ሞተበት ቀን አሠልጣኝ ነበር። አንድ ጊዜ በድፍረት አነሳሁበት፤ «አሸነፍን አይደል?» አለኝ። አንዲት ቃል አልጨመረም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አፌን ዘጋሁ። በቀብሩ ማግስት ግን ኦሌጋሪዮ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሸምግሏል፣ ከገበያ የገዛትን መነጽር አድርጓል። ያለዚያች መነጽር ከቤት አይወጣም ይለኛል ሰው፤ ሐኪሙ አያስፈልግህም እንዳለው እየታወቀ።

ፊቱ ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኩት። ቀበቶውን እንዳበሰ፣ ሁለቴ እንዳበሰ፣ እኔ አይቼ እንደዋሸሁት። ያየኸው ልክ ነበር፣ ዓይንህ ምንም አልነበረበትም አልኩት። እያለቀስኩ ነበር።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ እጁን ራሴ ላይ አደረገ።

«ኒኖ፣ ደግ ልጅ ነህ» አለኝ። «እኔን ለማጽናናት ብለህ በሞተ አጎትህ ላይ ትናገራለህ። አበልጄ እኮ በልጄ ነው የማሉልኝ። ተው፣ እንዲህ አይባልም።»

ማልኩለት። በእናቴ ማልኩለት፣ በልጆቼ ማልኩለት። እየሳቀ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝና ሚስቱን ጠርቶ ለኒኖ የሚበላ ነገር አምጪለት፣ አዝኗል አላት።